ጄኔራል ሁሉ ገንዘብ ያተመበት አገር

ሜክሲኮ የወረቀት ገንዘብን የለመደችው ወድዳ አልነበረም። በ1821 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከስፔን አገዛዝ ነፃ ስትወጣ፣ በብር ማዕድኗ ዓለምን ያጥለቀለቀችው አገር ካዝናዋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዘውድ የደፋው አጉስቲን ዴ ኢቱርቢዴ መላ ቢያጣ የ1፣ የ2 እና የ10 ፔሶ ወረቀት አሳትሞ በ1823 ገበያ ላይ ለቀቀ። ሕዝቡ ከአያት ከቅድመ አያቱ የሚያውቀው ሲጥሉት የሚያቃጭለውን ብር ነበርና ወረቀቱን ናቀው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት ማርች ላይ ዙፋኑን ለቀቀ።

የተተካው የሪፐብሊክ መንግሥት ችግሩን ከነወረቀቱ ወረሰ። ያገኘው ብልሃት ግን እስከ ዛሬ ሰብሳቢዎችን ያስገርማል። ከሮማው ጳጳስ በወጡ የቤተ ክርስቲያን ሰነዶች ጀርባ ላይ ገንዘብ አሳተመ። በአንድ ገጽ ፔሶ፣ በሌላው የጳጳሱ ቃል! አማኝ ሰው ይህን ወረቀት አልቀበልም ለማለትም፣ አስመስሎ ለማተምም እጁ አይደፍርም የሚል ስሌት ነበር። እሱም ቢሆን ብዙ አልሄደም። ሜክሲኮ ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ወደ ብሯ ተመለሰች።

ወረቀት እንደገና የመጣው በባንክ በር ነው። በ1864 የእንግሊዝ ባለሀብቶች የለንደንና ሜክሲኮ ባንክ ተብሎ በኋላ የታወቀውን ቅርንጫፍ ዋና ከተማው ላይ ከፈቱ፤ ኖት ማውጣትም ጀመረ። በሰሜን በኩል፣ ማዕድን ቆፋሪውና ከብት አርቢው በሚበዛበት በቺዋዋ ግዛት፣ በ1875 የሳንታ ኤውላልያ ባንክ ከግዛቲቱ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ የራሱን ኖት አወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ከነዚህ ሁሉ ገናናው የኤንሪኬ ክሬል የማዕድን ባንክ ነበር። ክሬል የሉዊስ ቴራሳስ አማች ነው፤ ቴራሳስ ደግሞ መሬቱ በፈረስ ተጉዘው የማይጨርሱት ባላባት ነበር። ይህን ባንክ አስታውሱት፤ ወርቁ በኋላ ታሪክ አለው።

ፖርፊርዮ ዲያስ አገሪቱን በብረት ክንድ በያዘበት ዘመን፣ በ1897፣ ለባንኮች አንድ ወጥ ሕግ ወጣ። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ኖት አውጪ ባንክ እንዲኖረው መንገዱ ተከፈተ። ባንኩ የሚያወጣው ኖት ከተከፈለ ካፒታሉ ከሦስት እጥፍ እንዳይበልጥ፣ ከተቀማጭ ሒሳቡ ጋር ተደምሮም በካዝናው ካለው ወርቅና ብር ከእጥፍ እንዳያልፍ ተወሰነ። የሶኖራ፣ የሃሊስኮ፣ የታባስኮ፣ የጌሬሮ፣ የሞሬሎስ ባንኮች ስማቸውን የያዘ ኖት ይዘው ብቅ አሉ። የዩካታን ሁለት ባንኮች በ1908 ተዋሕደው የፔኒንሱላ ባንክ ሆኑ። አብዛኞቹ ኒው ዮርክ በነበረው አሜሪካን ባንክ ኖት ካምፓኒ አሳተሙ። በብረት ሰሌዳ ላይ በእጅ የተቀረጸ ባቡር፣ ወደብ፣ የከብት መንጋ፣ እርፍ የያዘ ገበሬ፣ ጡቷን በጨርቅ የሸፈነች እንስት አምላክ የመሰለች ሴት... ውበታቸው የሚካድ አይደለም። በ1905 ፔሶው በወርቅ ሲመዘን ዋጋው የአሜሪካ ግማሽ ዶላር ሆኖ ጸና።

እውነቱን ለመናገር የዚህ ዘመን ኖት ለኔ ከውበቱ በላይ ብዙ አይነግረኝም። ከግዛቱ ከወጣ በሙሉ ዋጋው የሚቀበለው አይገኝም ነበር፤ ከዚያ ውጪ ሥርዓት ያለው ዘመን ሥርዓት ያለው ወረቀት ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ንጹሕ ሆነው ከሚታዩት ብዙዎቹም ሳይፈረሙ የቀሩ ናቸው። ባንኩ ሳያወጣቸው አብዮት ደረሰበት።

አብዮቱ በኖቬምበር 1910 ተጀመረ፤ ዲያስ በማግስቱ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሰደደ። በምርጫ የተተካው ፍራንሲስኮ ማዴሮ ግን በፌብሩዋሪ 1913 በገዛ ጄኔራሉ በቪክቶሪያኖ ኡዌርታ ተገልብጦ ተገደለ። የገንዘቡ ታሪክ እውነተኛ መልኩን የያዘው ከዚህ ቀን ወዲህ ነው። የኮዋዊላ ግዛት አስተዳዳሪ ቬኑስቲያኖ ካራንሳ ለኡዌርታ አልገዛም ብሎ በማርች 26 ጦር አነሣ። ጦር ቀለብ ይፈልጋል፤ ፈረስ ይፈልጋል፤ ከድንበር ማዶ ጥይት ይፈልጋል። ካራንሳ ካዝና አልነበረውም። ልክ በወሩ፣ በኤፕሪል 26 ቀን 1913፣ 5 ሚሊዮን ፔሶ የወረቀት ገንዘብ እንዲታተም አዘዘ። ኖቶቹ ሞንክሎቫ የምትባለውን ከተማ ስምና ሜይ 28 ቀን 1913 የሚል ቀን ይዘው ወጡ። ከበስተኋላቸው የቆመ ወርቅ የለም፤ የቆመው ጦሩ ነው። ጦሩ ካሸነፈ ይከፈላል፣ ከተሸነፈ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አልቀበልም ማለት ያሳስር ነበርና ባለሱቁ እየተነጫነጨም ቢሆን ተቀበለ። ካራንሳ የፈቀደው መጠን በ1914 መጀመሪያ 30 ሚሊዮን፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 130 ሚሊዮን ደረሰ። ኡዌርታም በበኩሉ ዋና ከተማው ውስጥ የባንኮቹን ሕግ አላላ። በኖቬምበር 1913 የባንክ ኖት በግዴታ እንዲሠራ ተደረገ፤ ባንኮቹም ኖት ለሚያመጣ ሰው ብር መስጠት አቆሙ። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፤ ሰው ብሩን ቀብሮ ወረቀቱን ያወጣል።

ብሩ ሲቀበር መጀመሪያ የጠፋው ዝርዝር ነው። ገበያ የወጣች ሴት ለቲማቲም የምትከፍለው 5 ሳንቲም አጣች። ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ፣ የግዛቱ ግምጃ ቤት፣ የማዕድን ኩባንያው፣ ባለርስቱ፣ ነጋዴው ሳይቀር የየራሱን ቁራጭ ወረቀትና ካርቶን ማተም ያዘ። የካርቶን ሳንቲሞቹ ከባቡር ትኬት ብዙ የማይበልጡ ናቸው፤ በላብ የጠቆረ ጠርዛቸው ላይ የስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ይታያል። ሕዝቡ ለዚህ ሁሉ ወረቀት ቢሊምቢኬ የሚል የንቀት ስም አወጣለት። ሶኖራ የራሷ ነበራት፣ ሲናሎዋ የራሷ፣ ዱራንጎ የራሷ። ነገር ግን ከሁሉም የተወራለት የቺዋዋው ነው።

በዲሴምበር 1913 ከካራንሳ ወገን ሆኖ ኡዌርታን የሚወጋው ፓንቾ ቪላ ቺዋዋን ይዞ አስተዳዳሪ ሆነ። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ፣ በከብት ዘራፊነት የሚታወቅ ሰው የአንድ ግዛት ገንዘብ ሚኒስትር ሆነ ማለት ነው። በቤተ መንግሥቱ ያገኘው ነገር ቀላል ነበር፤ ሀብታሞቹ ሸሽተዋል፣ ብሩ ተቀብሯል፣ ገበሬው ሥጋና በቆሎ ወደ ከተማ አያመጣም። በወቅቱ ከቪላ ጋር የነበረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጆን ሪድ እንደጻፈው የቪላ መፍትሔ አጭር ነበር፤ ገንዘብ ከሌለ ይታተም። ታተመ። ነጋዴው ቢያንገራግር የቪላን ገንዘብ ያናናቀ 60 ቀን ይታሰራል ተባለ። ለሥጋና ለዳቦ ዋጋ ተቆረጠ። የቴራሳስን ልጅ ደግሞ ከእንግሊዝ ቆንስላ አውጥቶ አሰረው፤ ልጅየውም ጨንቆት የማዕድን ባንኩ ወርቅ በራሱ በባንኩ ሕንፃ ምሰሶ ውስጥ መሸሸጉን ተናገረ። ምሰሶው ሲሰበር የወርቅ ሳንቲሙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

የቪላ የመጀመሪያዎቹ ኖቶች ሰፋፊና ነጫጭ ስለነበሩ ሕዝቡ አንሶላ አላቸው። ቀጥለው በ1914 የወጡት ግን ሁለት ፊት ይባላሉ፤ ሰብሳቢው ሁሉ የሚጀምረውም ከነሱ ነው። አንዱን እጃችሁ ላይ ብታስቀምጡ የኤል ኤስታዶ ዴ ቺዋዋን ስም ታያላችሁ፤ በአንድ ወገን ጢሙን በሥርዓት የከረከመው ማዴሮ፣ በሌላው ሞላ ያለው አብርሃም ጎንዛሌስ። ጎንዛሌስ የቺዋዋ አስተዳዳሪ ነበር፤ ቪላንም ከሽፍትነት ወደ አብዮት ያስገባው እሱ ነው። ኡዌርታ አሳስሮት በማርች 1913 ወደ ዋና ከተማ ሲወሰድ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ተገደለ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሁለቱም ሰዎች ሟቾች ናቸው። ቪላ የራሱን ፊት ያላሳተመ መሆኑን ልብ በሉ። ሌላ አብዮተኛ ሁሉ ይህን ያህል ጨዋ ሆኖ አላየሁም።

ሁለት ፊት እንደ ጦሩ ሮጠ። ቪላ ቶሬዮንን በኤፕሪል 1914፣ ሳካቴካስን በጁን ሲይዝ ኖቱ በደረሰበት ሁሉ ሠራ። ከድንበር ማዶ ያሉት የኤል ፓሶ መንዛሪዎችም ገዙት። አስመሳዮችም አልተኙም። ኅትመቱ ቀላል ስለነበር ሐሰተኛው ከእውነተኛው ጋር እየተደባለቀ ገበያውን ሞላው። ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የያኔው ሐሰተኛ ራሱን የቻለ ዕቃ ሆኗል። እውነተኛ ነው ብሎ የሚሸጥ እስካልመጣ ድረስ ምንም ነውር የለበትም።

ኡዌርታ በጁላይ 1914 ሸሸ። አሸናፊዎቹ ግን እርስ በርስ ተናከሱ። በኦክቶበር በአጉዋስካሊዬንቴስ የተሰበሰበው ጉባኤ ኤውላልዮ ጉቴሬስን ፕሬዚዳንት አደረገ፤ ቪላና የደቡቡ ገበሬዎች መሪ ኤሚሊያኖ ሳፓታ ከጉባኤው ጎን ቆሙ። ካራንሳ ደግሞ አሜሪካኖቹ የለቀቁለትን የቬራክሩስን ወደብ ያዘ። አሁን ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ገንዘብ ሆነ። የጉባኤው መንግሥት በገበያ ያለውን ወረቀት ሁሉ አንድ ላይ ማስወገድ ስላልቻለ የሚፈቅደውን ለይቶ ማህተም እንዲመታበት አደረገ። ሰብሳቢዎች ሬቫሊዳዶ የሚሏቸው እነዚህን ነው፤ ጀርባቸው ላይ የዲሴምበር 17 ቀን 1914ን ድንጋጌ የሚጠቅስ ማህተም አለ። የሌላውን መንግሥት ወረቀት ተቀብሎ የራስ ማህተም መምታት ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ ለሚያነበው ግን የጦር ሜዳ ካርታ ነው። አንዳንዱ ኖት የአውጪውን ፊርማ፣ የጉባኤውን ማህተም፣ የአንድ ወረዳ ግምጃ ቤት ተጨማሪ ክብ ማህተም ይዞ ይገኛል። ማን መቼ ያን ከተማ ይዞ እንደነበር ከወረቀቱ ጀርባ ይነበባል።

1915 ለሜክሲኮ ከተማ ነዋሪ የመከራ ዓመት ነበር። የሳፓታና የጉባኤው ሰዎች በጃንዋሪ መጨረሻ ለቀው የካራንሳ ጄኔራል አልቫሮ ኦብሬጎን ገባ፤ የቪላም የጉባኤውም ኖት አይሠራም አለ። በማርች ኦብሬጎን ለቀቀ፤ ጉባኤው ተመለሰ፤ የካራንሳ ኖት በተራው ተጣለ። በጁላይና በኦገስት ደግሞ የካራንሳ ሰዎች እንደገና ገቡ። ደሞዙን በአንዱ ወረቀት የተቀበለ ጸሐፊ ሳምንት ሳይሞላ በሌላኛው ካልሆነ በቆሎ አያገኝም። ነጋዴው ቀድሞ ወሬ ይሰማልና መደርደሪያውን ባዶ አድርጎ ይጠብቃል። ባለሀብቱ ዶላር ይዟል። የከሰረው የቀን ሠራተኛው ነው።

በዚሁ ዓመት ኤፕሪል ላይ ኦብሬጎን ሴላያ ላይ ቪላን ሁለቴ መታው። የሁለት ፊት ዋጋም ከፈረሰኞቹ ጋር አብሮ ወደቀ። በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ግን ነገሩ ለየት ይላል። ዩካታን ገመድ የሚፈተልበት የሄኔኬን ቃጫ አላት፤ የአሜሪካ አጫጆች ያኔ ያለ እሱ ስንዴያቸውን አያስሩም ነበር። በማርች 1915 ግዛቲቱን የያዘው ጄኔራል ሳልቫዶር አልቫራዶ ያን ንግድ በአንድ ኮሚሽን እጅ አስገባ። የኮሚሽኑ ወረቀትም ቢያንስ ከበስተኋላው የሚሸጥ ቃጫ ነበረው። ከአብዮቱ ወረቀቶች መካከል በሚጨበጥ ነገር ላይ የቆመ ካለ ይሄ ነው።

ካራንሳ ጦርነቱን ሲያሸንፍ በገዛ ወረቀቱ ተሸነፈ። በ1913 መጀመሪያ ወደ 50 የአሜሪካ ሳንቲም የነበረው ፔሶ በ1915 አጋማሽ ከ10 ሳንቲም በታች ወርዷል። የሐሰተኛው ብዛት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መንግሥቱ ለሁለቱም አንድ መድኃኒት አሰበ። ለአሜሪካን ባንክ ኖት ካምፓኒ ትእዛዝ ሰጥቶ 500 ሚሊዮን ፔሶ ያህል አዲስ ኖት አሳተመ፤ ስሙንም ኢንፋልሲፊካብሌ፣ አስመስለው የማያትሙት፣ አለው። በሜይ 1 ቀን 1916 ወጣ። አንዱ ፔሶ በተወሰነ የወርቅ ሒሳብ ይሠራል ተባለ። አስመሳዮቹ በእርግጥ አልቻሉትም። ገበያው ግን ቻለው። በዲሴምበር የኢንፋልሲፊካብሌው ፔሶ ወደ ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ ነበር። በዓለም ላይ በሚገባ ታትሞ እንዲህ በፍጥነት የሞተ ገንዘብ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

የዋና ከተማው ሠራተኞች አልጠበቁትም። ደሞዛችን በወርቅ ሒሳብ ይከፈለን ብለው በጁላይ 31 ቀን 1916 ሥራ አቆሙ፤ የመብራት ሠራተኞቹ ኤሌክትሪኩን ዘጉት፣ ከተማው ጨለመ። ካራንሳ የ1862ን የሞት ቅጣት ሕግ ከመዝገብ አውጥቶ ጠቀሰባቸው። የመብራት ሠራተኞቹ መሪ ኤርኔስቶ ቬላስኮ ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ግን ተፈታ። የሠራተኞቹ ጥያቄ ግን በተግባር መልስ አገኘ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወረቀት የሚቀበል ጠፍቶ አገሪቱ ወደ ወርቅና ብር ሳንቲም ተመለሰች። የተቀበረው ብር ወጣ። መንግሥቱ በሴፕቴምበር 1916 የድሮዎቹን ባንኮች ኖታችሁን በሙሉ በብረት ገንዘብ ሸፍኑ ብሎ ቀን ገድቦላቸው ነበር፤ በዲሴምበር ደግሞ በካዝናቸው ያለውን ወሰደው። በ1917 የኢንፋልሲፊካብሌውን ቅሪት ለመሰብሰብም ግብር በወርቅ የሚከፍል ሰው በእያንዳንዱ ፔሶ ላይ አንድ የወረቀት ፔሶ እንዲጨምር ታዘዘ። የፕሪንስተኑ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤድዊን ኬመረር በዚያው ዓመት ለካራንሳ አማካሪ ሆኖ መጥቶ ይህን ሁሉ በቁጥር መዝግቦታል፤ መጽሐፉ ግን በ1940 ነው የታተመው።

በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1917 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ገንዘብ የሚያወጣ አንድ ባንክ ብቻ ይሁን አለ። ባንኩ የተከፈተው ግን ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። የሜክሲኮ ባንክ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1925 ሥራ ሲጀምር በአምስት ፔሶው ላይ ራሷን በጌጥ ያሰረች ቆንጆ ሴት ነበረች። የከተማው ሐሜት የገንዘብ ሚኒስትሩ የአልቤርቶ ፓኒ ወዳጅ የሆነች ተዋናይ ናት አለ። ቅርጹን ግን አታሚው ኩባንያ በ1910፣ ፓኒ ሥልጣን ሳያይ በፊት፣ ለመደብሩ አስቀርጾ ያስቀመጠው ነበር። ሐሜቱ ስለሚጣፍጥ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ኖቱን የሚሸጡም ለዋጋ ማሟሟቂያ ይጠቅሱታል። ወረቀት ያቃጠለው ሕዝብ ይህንንም ኖት መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር ያየው፤ በሰፊው የተቀበለው ከ1931 በኋላ ወርቁ ከገበያ ሲወጣ ነው።

የአብዮቱ ወረቀት ከዚህ ወዲያ ከኪስ ወጥቶ ወደ ሣጥን ገባ። ድንበር ተሻግሮ አሜሪካ የቀረውም ብዙ ነው። ምሁራኑ ግን ዓይናቸውን መጀመሪያ የጣሉት በሳንቲሙ ላይ ነው፤ የኒው ዮርኩ የአሜሪካ የገንዘብ ጥናት ማኅበር ባልደረባ ሃውላንድ ውድ በ1921 የአብዮቱን ሳንቲሞች አጥንቶ አሳተመ። ወረቀቱ ተራው እስኪደርሰው ብዙ ቆየ። በ1952 የሜክሲኮ የገንዘብ ጥናት ማኅበር ተመሠረተ። ካርሎስ ጋይታን የወረቀቱንም የሳንቲሙንም ዝርዝር በየግዛቱ ለይቶ በመጽሐፍ ሲያቀርብ ነው ሰብሳቢው ምን እንደያዘ ያወቀው። በ1990 ደግሞ አሜሪካን ባንክ ኖት ካምፓኒ የናሙና ክምችቱን በጨረታ ሲያወጣ እነዚያ የዲያስ ዘመን ውብ ኖቶች ተበስተው፣ ናሙና የሚል ማህተም እንዳለባቸው ገበያ ላይ ፈሰሱ።

ዛሬ ሰው የሚሻማው በእነሱ ላይ ነው። እኔ ግን ቀድሞ የሚያዝ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ የተጨማደደ፣ በማህተም የጠቆረ፣ ብዙ እጅ ያለፈበት የአንድ ፔሶ ኖት። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሁለት ፊት ከሆነ ደግሞ በየትኛውም ነጋዴ ዘንድ ይገኛል። ለመጀመር የሚያስብ ሰው አንድ ግዛት ይምረጥ፤ ቺዋዋ ወይም ሶኖራ ይበቃል። እስከ ማህተሙ ጠርዝ ያሉትን ዓይነቶች ለይቶ ይወቅ። ሻጩ አጥቤ አጸዳሁት ካላችሁ ጥላችሁት ሂዱ፤ ከእድፉ ጋር ማህተሙም ታጥቦ ሊሆን ይችላል። ከመግዛታችሁም በፊት ኖቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ።